ጥለው መውጣታቸው ቤቱን መልቀቅ አይደለም ወይ? ስለ ኬኔዲ ማዕከል ለጠየቅከኝ ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ያየሁት ማታ ነው፣ በስልክ አጠር አድርጌ ልመልስልህ ጀምሬ አልሆን ሲለኝ ተውኩትና ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ሌላውም ሰው እንዲገባው የጠየቅከውን ልድገመው። ኮምቦልቻ ነህ፣ በአንድ የባህል ቡድን ውስጥ ማሲንቆ ትመታለህ፣ ዋሽንግተን ያለው ትልቁ የሙዚቃና የቴአትር ቤት፣ የኬኔዲ ማዕከል፣ ውስጥ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ፖለቲካ አስገብቶ አርቲስቶች ዝግጅታቸውን እየሰረዙ መውጣታቸውን ሰማህና እንዲህ አልከኝ፦ «ጋሼ፣ ጥለው ሲወጡ ቤቱን ለሰውየው ለቀቁለት ማለት አይደል? ኩርፊያ ምን ያደርጋል? እኛ አበል የምንጠብቅ ሰዎችስ እንዲህ ብናደርግ እንጀራችን አይቆረጥም ወይ?»

እኔ ቴአትር አስተምሬያለሁ፣ እዚሁ ደሴም ብዙ ዓመት የአዳራሽ ፕሮግራም ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ነገሩን ከጓዳው በኩል ነው የማየው። የጠየቅከኝ ሁለት ጥያቄ ነው፣ አንዱ ስለነሱ አንዱ ስላንተ፣ ያንተው ይበልጥ ያሳስበኛል ግን የነሱን ነገር በደንብ ሳናይ ያንተን መመለስ አይቻልም።

መጀመሪያ ቤቱን እንወቀው (የውጪውን ሳወራ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ሕጉ የወጣው በ1958 በአይዘንሃወር ጊዜ ነው፣ ያኔ የታሰበው ስም ብሔራዊ የባህል ማዕከል ነበር፣ ኬኔዲ በ1963 ሲገደል ግን በ1964 መጀመሪያ ላይ ኮንግረሱ በሕግ የሱ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ስሙን ሰጠው፣ በሩ የተከፈተው በ1971 ነው። ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራው እዚያ ነው፣ የዋሽንግተን ብሔራዊ ኦፔራም (በዘፈን የሚቀርብ ቴአትር የሚሰራ ድርጅት ነው) ከ1971 ጀምሮ ቤቱ እዚያ ነበር። ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ «የመንግስት ቤት ነው፣ መንግስት ቢያዝበት ምን ይገርማል» ይላል፣ መንግስት ግን ከዓመታዊ በጀቱ የሚሰጠው 16 ከመቶ ገደማ ነበር፣ እሱም የሚውለው ለሕንፃው ጥገናና እንክብካቤ እንጂ መድረክ ላይ ለሚቀርበው ስራ አይደለም። ሌላው ከቲኬት ሽያጭና ከለጋሽ ነው የሚመጣው። ዴቪድ ሩበንስታይን የሚባለው የቀድሞው የቦርድ ሊቀመንበር ብቻውን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቷል። ይሄን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ቁልፉ ጋ እንምጣ። ቤቱን የሚመራው ቦርድ ነው፣ ከቦርዱ አባላት 36ቱን የሚሾመው ፕሬዝዳንቱ ነው፣ የእያንዳንዱ ዘመን 6 ዓመት ነው። ለምን 6 ሆነ ካልከኝ የፕሬዝዳንቱ ዘመን 4 ነው፣ ስለዚህ አንዱ የሾመው ሰው ሌላው ከመጣ በኋላም ወንበሩ ላይ ይቆያል፣ ሁለቱም ፓርቲ የሾማቸው ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው፣ ለአስርት ዓመታት በዚህ ሲሄድ ቆየ። ይሄን የጠበቀው ግን ሕጉ ሳይሆን ልማዱ ነበር። በ2025 ፌብሩዋሪ ላይ ትራምፕ ልማዱን ተወው፣ ቀደም ብሎ የተሾሙትን አባረራቸው፣ የራሱን ሰዎች አስገባ፣ እነሱም በዚያው ሰሞን ራሱን ሊቀመንበር አድርገው መረጡት። የማዕከሉ ፕሬዝዳንት ሆና ስታስተዳድር የነበረችው ዴቦራ ረተር ተባረረች፣ በሷ ቦታ ሪቻርድ ግሬኔል ተተካ፣ እሱ የዲፕሎማሲና የፖለቲካ ሰው ነው እንጂ ከመድረክ አልመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሳልህ፣ ለወሎ ሰው በተለይ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በ1971 ቤቱ ሲመረቅ የቀረበው ሊዮናርድ በርንስታይን የደረሰው «ማስ» የሚባል ስራ ነበር፣ በቅዳሴ መልክ የተሰራ ትልቅ የመድረክ ስራ። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው፣ ኤፍቢአይ ደግሞ በላቲኑ ግጥም ውስጥ የተደበቀ ፀረ ጦርነት መልዕክት ሊኖር ይችላል ብሎ ለቤተ መንግስቱ አስጠንቅቆ ነበር። አየህ፣ ሰምና ወርቁን ፈርተው ነው! ቅኔ የሚፈራ መንግስት እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስልሃል። እና የያኔው ፕሬዝዳንት ኒክሰን ምን አደረገ? ቀረ። ምርቃቱ ላይ አልተገኘም፣ በቃ። ስራው ቀረበ፣ ሕዝቡ አየ። ያንን ከ2025ቱ ጋር አስተያየው። ገዢ በአንድ ስራ ቅር ሲለው የኖረ ነገር ነው፣ ንጉሡም ደርጉም ፈረንጁም ቅር ይለዋል፣ ቅር ብሎት ከዝግጅቱ ከቀረ ግን መድረኩ መድረክ ሆኖ ይቀጥላል። አደጋው ቅር ያለው ሰው ራሱ ፕሮግራሙን የሚፈርም ሰው ሲሆን ነው።

ይሄን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ስሰራበት በነበረ አንድ አዳራሽ (ስሙ ይቅር) በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን «ይሄ ስራ ተከልክሏል» የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። አንድም ቀን። የሚመጣው ስልክ ነው፣ «አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል» ይልሃል። ልጆቹ ሁለት ወር ተለማምደዋል፣ ፖስተር ተለጥፏል፣ ቲኬት ሸዋበር ድረስ ተሽጧል፣ ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ አለ ይባላል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዛው፣ ሶስተኛው ላይ ተዋናዩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ይበተናል። ማንም አልከለከለም። የሚያስወቅስ ወረቀት የለም፣ የሚከሰስ ሰው የለም፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል፣ እሱም አልተነካም። አንዲት ልጅ ነበረች፣ በዚያ ሶስተኛ ቅዳሜ ልብሷን ከመልበሻ ክፍል በፌስታል ይዛ ስትወጣ ያየኋት ዛሬም አይጠፋኝም፣ ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አላየኋትም። ያኔ የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ለታዳሚው ወጥቼ ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም፣ «በቴክኒክ ችግር» ብዬ ለጠፍኩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ አንድን የጥበብ ቤት መያዝ ማለት ድራማ ማገድ አይደለም፣ ቀን የሚሰጠውን፣ ቼክ የሚፈርመውን፣ በሩን የሚከፍተውን ሰው መያዝ ነው። ኬኔዲ ማዕከልም የሆነው ይሄው ነው፣ በትልቁና በአደባባይ ስለሆነ ብቻ ነው ግልፅ ሆኖ የታየን።

አሁን ወደ «ኩርፊያ» ልምጣ። ወንድሜ፣ ኩርፊያ ዝም ብሎ መራቅ ነው፣ ለምን እንደራቀ ሰው አያውቅም፣ ያኮረፈው ሰው ብቻ ነው የሚቃጠለው። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ሌላ ነው። ተዋናይቷ ኢሳ ሬይ ቲኬቱ ተሸጦ ያለቀ ዝግጅቷን ስትሰርዝ ምክንያቷን ጽፋ ነው የወጣችው። የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲዋ ሾንዳ ራይምስ የቦርዱን ገንዘብ ያዥነት ለቀቀች፣ ዘፋኟ ረኔ ፍሌሚንግና ሙዚቀኛው ቤን ፎልድስ ከአማካሪነታቸው ወጡ። «ሃሚልተን» የሚባለው ትልቁ የሙዚቃ ቴአትር ለ2026 የያዘውን ቀን ተወ። እዚህ ላይ ልብ በል፣ ይሄው ቴአትር በ2018 እዚያው ቤት ቀርቧል፣ ያኔም ፕሬዝዳንቱ ያው ሰው ነበር! ሰውየውን ስለጠሉት ቢሆን ኖሮ ያኔ ይቀሩ ነበር። በመሃል የተለወጠው ፕሬዝዳንቱ አይደለም፣ ወንበሩ ነው፣ ቤቱ የሁሉም መሆኑ ቀረ ብለው ነው የወጡት። እንዲህ ያለ መውጣት ንግግር ነው፣ አንዳንዴም በመድረኩ ላይ ከሚነገረው የበለጠ ሰው ጋ ይደርሳል።

ደግሞ ያዝልኝ ያልኩህን ገንዘብ አስታውስ። ቤቱ አብዛኛውን የሚኖረው በቲኬትና በለጋሽ ነው ብያለሁ፣ ስለዚህ ታዳሚ የሚስበው ሰው ሲወጣ ኪሱ ላይ ነው የሚመታው፣ የቲኬት ሽያጩም ቀንሷል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ በመንግስት በጀት የሚኖር ቢሆን ኖሮ እኮ አርቲስቱ ቢወጣ ባዶ ወንበሩም ደሞዝ ይከፈለዋል፣ ማንም አይሰማውም። የኛ ሀገር አዳራሽና የነሱ አዳራሽ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው፣ እና «እነሱ አድርገውታል እኛም እናድርግ» ብሎ እንዳለ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በዲሴምበር 2025 ደግሞ ቦርዱ ስሙ ላይ የትራምፕን ስም ይጨመር ብሎ ወሰነ፣ በማግስቱ ፊደሉ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ስሙን የሰጠው ሕግ ነው፣ ሕግ ደግሞ የሚለወጠው በኮንግረስ ነው ብለው ብዙዎች ተቃወሙ፣ በሕጉ መሰረት የቦርድ አባል የሆነችው የኮንግረስ አባል ጆይስ ቢቲ በስብሰባው መስመር ላይ ልቃወም ስል ድምፄን ዘጉብኝ አለች፣ ከሰሰችም። ስም መለወጥ ለኛ አዲስ አይደለም፣ የኛው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም ለንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር፣ አብዮቱ ሲመጣ ስሙ ተነሳ። ስም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቤቱ ውስጥ የሚሰራው ሁሉ የዚያ ሰው ግብዣ ይመስላል፣ ከዚያ በኋላ እዚያ መዝፈን ብቻውን ድጋፍ ተደርጎ ይቆጠራል፣ ዘፋኙ ባያስበውም።

ቻክ ሬድ የሚባል የጃዝ ሰው አለ፣ ከ2006 ጀምሮ በየዓመቱ በገና ዋዜማ እዚያ ቤት የጃዝ ዝግጅት ይመራ ነበር። የማዕከሉ ስም ሲለወጥ ዝግጅቱን ሰረዘው። ግሬኔል 1 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንጠይቅሃለን የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። አስበው፣ አንድ ከበሮ የሚመታ ሰው ነው፣ የሚሊየነር ቡድን የለውም። እኔን ከታዋቂዎቹ ሁሉ ይበልጥ የነካኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ትልቁ አርቲስት ሌላ አዳራሽ ይጠብቀዋል፣ ትንሹ ግን ሲወጣ እውነትም የሚያጣው ነገር አለ። ቀጥሎ የአዲስ ዓመት ዋዜማውን ዘ ኩከርስ የሚባሉት የጃዝ ቡድን ተዉት፣ በጃንዋሪ 2026 የሙዚቃ ደራሲው ፊሊፕ ግላስ ስለ ሊንከን የጻፈውን አዲስ ሲምፎኒ አላቀርብም ብሎ ወሰደ።

ግን እንደ ባለሙያ ይበልጥ አስተማሪ የምለው የኦፔራውን ነው፣ እሱን ብዙ ሰው አላየውም። የዋሽንግተን ብሔራዊ ኦፔራ በዚያው በጃንዋሪ ቤቱን እለቃለሁ አለ፣ ከ50 ዓመት በላይ ከኖረበት። ዋናው ምክንያቱ አዲሱ አስተዳደር እያንዳንዱ ዝግጅት ወጪው ሙሉ በሙሉ ቀድሞ ይሸፈን ማለቱ ነው። ሲሰሙት ጥሩ የሂሳብ አያያዝ ይመስላል አይደል? ኦፔራ ግን ዘፋኙን፣ የኅብረት ዘፋኞቹን፣ ኦርኬስትራውን ከዓመታት በፊት ቃል ገብተህ ነው የምትይዘው፣ ቲኬቱ የሚሸጠውና ብዙው ለጋሽ የሚሰጠው ደግሞ በኋላ ነው። ስለዚህ መመሪያው አንድም ኦፔራ በስሙ ሳይጠራ ኦፔራን ራሱን የማይቻል አደረገው። «ስብሰባ አለ» ከሚለው ስልክ ጋር ወንድማማች ነው። እነሱ ግን ሲወጡ በባዶ እጃቸው አልወጡም፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሊስነር የሚባል አዳራሽ አለ፣ የፀደዩን ስራ ወደዚያ አዞሩት። አዳራሹ ያንሳል፣ ቢሆንም ሳይበተኑ አብረው ነው የሄዱት። ከዚያ በፌብሩዋሪ ትራምፕ ማዕከሉ ከጁላይ 4 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ለእድሳት ይዘጋል ብሎ አስታወቀ።

እና ቤቱን ለቀቁለት ወይ? በከፊል አዎ፣ ልዋሽህ አልችልም። ሕንፃው በሱ እጅ ነው። የሚከፈለውም ዋጋ እኩል አይደለም፣ መብራት የሚሰራው፣ በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው፣ መጋረጃ የሚጎትተው ሰው ዝግጅት ሲሰረዝ የቀን ገቢው ነው የሚቀርበት፣ እሱን ማንም ኢንተርቪው አያደርገውም። ከወጡት መሃል ይሄን በደንብ ያሰቡት ጥቂቶቹ ናቸው ባይ ነኝ። ኦርኬስትራው ደግሞ አልወጣም፣ ደሞዝተኛ ነው፣ ቤተሰብ አለው፣ መጫወቱን ቀጠለ፣ እሱንም ፈሪ የሚል ሰው ስራውን አያውቀውም። በማርች 2025 ምክትል ፕሬዝዳንቱ ቫንስ ኮንሰርት ሊያይ ሲገባ የጮኸበት ታዳሚው ነው፣ ሙዚቀኞቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ። መቃወም የመድረኩ ሰው ብቻ ስራ አይደለም፣ ቲኬት የገዛውም ሰው ድርሻ አለው።

ላንተ የሚቀርበውን ምሳሌ ከፈለግክ አሜሪካን ተወውና ስሎቫኪያን ተመልከት። በ2024 ኦገስት የባህል ሚኒስትሯ የስሎቫክ ብሔራዊ ቴአትርን ዋና ዳይሬክተር ማቴይ ድርሊችካን አባረረችው። እዚያ ተዋናዩ የቤቱ ቋሚ ሰራተኛ ነው፣ እንደ እንግዳ ዘፋኝ ሻንጣውን ይዞ አይወጣም። ስለዚህ ስራቸውን ሰርተው ሲጨርሱ መድረክ ላይ እየቆሙ ለታዳሚው የተቃውሞ መግለጫ ያነቡ ነበር፣ ውጪ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ብራቲስላቫ ላይ ሰልፍ ወጣ። ሚኒስትሯ አልተነሳችም፣ ዳይሬክተሩም አልተመለሰም፣ ይሄንም አልደብቅህም። ግን ታዳሚው ምን እየሆነ እንደነበር ከተዋናዩ አፍ ሰምቶ ነው ቤቱ የሚገባው። እኔ በዚያ ቅዳሜ «በቴክኒክ ችግር» ብዬ ስለጥፍ ያጣሁት ይሄን ነው።

አሁን ስላንተ እናውራ። የኛ አካባቢ የባህል ቡድን ታሪኩ ሁለት ገፅ አለው። የወሎ ላሊበላ ኪነትን ውሰድ፣ በደርግ ጊዜ መንግስት ነው ያቋቋመውና መድረክ የሰጠው፣ በዚያ በኩል ያልፉት ድምፆች ባይኖሩ ዛሬ ስለ ወሎ ዘፈን የምናወራው ግማሹ አይኖርም ነበር፣ ያው መንግስት ደግሞ ለአብዮት በዓል ዝፈኑ ይል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ «ከመንግስት ገንዘብ የበላ አፉን ይዝጋ» የሚለውን አልቀበልም፣ ገንዘቡ የሕዝብ ግብር ነው፣ «ንፁህ አርቲስት የመንግስት መድረክ አይረግጥም» የሚለውንም አልቀበልም፣ ሌላ መድረክ ማን ሰራልን? ባቲን አምባሰልን ለልጆች የሚያስተምረው ከቡድናችሁ ሌላ ማን አለ? አንተ ከወጣህ ቦታህ ላይ በሁለተኛው ቀን ኪቦርድ የያዘ ሰው ይቀመጣል፣ ታዳሚው ምን እንደጎደለ ሳያውቅ። ብቻህን መውጣት እውነትም ኩርፊያ ነው የሚሆነው፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ።

ግን ምንም አይደረግም ማለት አይደለም፣ አብሽር። ኦፔራው ያለው አንተ የሌለህ ነገር ወረቀት፣ ማለትም የተጻፈ ውል፣ ነው። ቡድናችሁ አዳራሽ ሲይዝ ወይ ለበዓል ሲጠራ በቃል ነው የሚስማማው አይደል? ስልክ ተደውሎ፣ አበሉ በኋላ ይታያል ተብሎ። እሱን ተዉት። ግማሽ ገፅ ውል ይበቃል፣ የሚቀርቡት ስራዎች ዝርዝር ይኑርበት፣ ዝርዝሩ የሚለወጠው በሁለቱም ወገን ፊርማ ነው የሚል ይኑርበት፣ ቀኑ በአዘጋጁ ምክንያት ቢሰረዝ የልምምድ አበሉ ይከፈላል የሚልና ምክንያቱን ለታዳሚው በጽሑፍ ያሳውቃል የሚል ይኑርበት። የመጨረሻዋ መስመር ናት ትልቋ። ስልክ የሚደውል ሰው ምክንያቱን ፈርሞ መለጠፍ አይወድም፣ ብዙ ጊዜ ስብሰባውን ሌላ ቀን ያደርገዋል፣ በኋላ በሰራሁባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ውሉን የሚፈርመው ደግሞ አንድ የቡድን መሪ ብቻ አይሁን፣ አምስትም ስድስትም ሆናችሁ ፈርሙ፣ የመብራቱን ልጅና የልብስ ጠባቂዋን ጨምራችሁ። አንድ ሰው ጠርቶ ማስፈራራት ቀላል ነው፣ ስድስቱን መጥራት ግን ራሱ ስብሰባ ይሆናል። እንቢ ካሏችሁና አበሉ ከቀረ ለአንድ ወር የሚያቆያችሁ እቁብ አሁኑኑ ጀምሩ፣ ይሄን ሳታዘጋጁ ደፋር ሁኑ ብዬ አልመክርህም፣ ልጅ ያለው ሰው በረሃብ አይደፍርም።

ለጥምቀቱ ዝግጅት ተጠርተናል ብለሃል። ወረቀት ሳትይዙ ልምምድ አትጀምሩ። እኔ ሳዘጋጅ የምጠቀምበት የውል ናሙና አለኝ፣ ስልክ ላይ ስለማይነበብ ፎቶ ከማነሳው ቅዳሜ ደሴ ከመጣህ ፒያሳ እንገናኝና ቡና እየጠጣን ቃል በቃል እናየዋለን፣ የቡድን መሪያችሁም ይምጣ።